የሸክላው ሁለተኛ ገጽ

ሰኞ 3

ዛሬም ዘፈኑን ሳንጨርሰው ተበተንን። መግቢያውን ደጋግመን ተጫወትነው። በተጫወትነው ቁጥር ጊታሪስታችን ገና ኦርጋኔ ሳይሞቅ እጁን ከክሩ ላይ አንስቶ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። "ብረቱ" የምንለው ያለ ነገር አይደለም። ቀን በርና መስኮት ይበይዳል፤ ከሥራ በኋላ ከብየዳ ቤቱ ጀርባ ባለው መጋዘን ከእኛ ጋር ጊታር ይጫወታል፣ ይዘፍናልም። በሁለቱም ሥራው ጠባዩ ያው ነው፤ ቶሎ ማጋል፣ ቶሎ መምታት፣ ቶሎ መገላገል።

"እትዬ፣ ሰዎቹ ዋሻ ሊቆፍሩ አይደል የመጡት?" አለኝ። "እስካሁን አካፋ እየፈለጉ ነው እኮ።"

ወንድሜ ከድራሙ ጀርባ ሳቀ። የገዛ ታናሽ ወንድሜ! ፋርማሲው ውስጥ ነጭ ጋውን ለብሶ ሲቆም ፈገግ የማይል ሰው፣ እኔ ስሰደብ ጥርሱ አያልቅም።

ስምምነታችን ግልጽ ነበር። የሸክላው አንደኛ ገጽ የብረቱ ነው። አራት አጫጭር፣ ከባባድ ዘፈኖች፤ ሜታል ከፈለገ ሜታል፣ ቆርቆሮ ከፈለገ ቆርቆሮ። ሁለተኛው ገጽ የእኔ ነው። አንድ ዘፈን፣ ከዳር እስከ ዳር። "ሁለት ቆፋሪዎች" ብዬዋለሁ። ሁለት ቡድን አንድን ተራራ ከግራና ከቀኝ ይቆፍራሉ፣ መሃል ላይ ሊገናኙ። ፕሮግረሲቭ ሮክ ማለት እንዲህ ያለውን ታሪክ ሳይቸኩሉ መናገር ነው። ይህን ሁሉም ያውቅ ነበር። ከአስራ ምናምን ዓመት በኋላ የመጀመሪያ አልበማችንን ልናወጣ ስንል ነው ሁሉም ሰዓት ማየት የለመደው።

ባሌ ቤዝ ጊታር ይጫወታል፤ ቀን ቀን መኪና መንዳት ያስተምራል። ሰው መሪውን ወደ ገደል ሲጠመዝዝበት እንኳ "ቀስ" ከማለት በላይ ቃል አይወጣውም። የቤዙን ድምጽ ማጉያ፣ አምፑን፣ መኪናው ላይ እየጫንን ሳለ ግን እንዲህ አለኝ፦

"አልበሙ ይለቅና ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።"

ስለ ጣሪያው ይሆናል። ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ የመኝታ ቤቱ ጥግ ያፈሳል።

ሐሙስ 6

ዛሬ ቸኩያለሁ። የጥርስ ሐኪሙ ትናንት ከምሠራበት የሰው ሠራሽ ጥርስ ቤት የላክሁለትን የላይ ጥርስ መልሶ ልኮታል፤ "አልቋል፣ ምን ቀረው ብለሽ ነው እንደገና የሞረድሽው?" የሚል ወረቀት ለጥፎበት። ልቤ ሌላ ቦታ ሆኖ ነው። የመሞረጃው ሞተር ሲሽከረከር ሰባት ሰባት እየቆጠርኩ ነበር። በግራ ያሉት ቆፋሪዎች ለምን በሰባት ምት አይቆፍሩም? በቀኝ ያሉት በአራት። አንዱ ሌላውን ይቀድማል፣ ይለያያሉ፣ ከብዙ ዙር በኋላ አንድ ላይ ይወድቃሉ። ግሩም ነው። ሁለት ደቂቃ ተኩል ቢጨምር ነው።

ቅዳሜ 8

ሁለት ደቂቃ ተኩሏን ሳሰማቸው ብረቱ ጊታሩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ሲጋራ ሊያጨስ ወጣ። ሲመለስ ያው የተለመደው ክርክር ተነሳ፤ የማን ሙዚቃ ዘር ይበልጣል።

"ሜታል የተወለደው ፋብሪካ ሰፈር ነው" አለ። "መዶሻ ሲሰሙ ያደጉ ልጆች ጊታራቸውን ወፍራም አድርገው ቃኙና የሰሙትን መልሰው መቱት። አለቀ። ማንም ሃያ ደቂቃ አልጠየቀም።"

"አንተ አልጠየቅህም ማለት ነው። የእኛዎቹ 'ዘፈን ሦስት ደቂቃ ይሁን ያለው ማነው?' ብለው ተነሱ። ሬዲዮ የሚወደው አጭሩን ነበር። ረጅሙ ሸክላ እጃቸው ሲገባ፣ አንዱ ገጽ ሃያ ደቂቃ ከያዘ ለምን ሃያ ደቂቃ አናስብም አሉ። ቅርጹን ከክላሲካል ወሰዱ፣ ኦርጋኑን ከቤተ ክርስቲያንና ከጃዝ ቤት ጎትተው አመጡ..."

"ጎትተው ማለት ልክ ነሽ! ያንቺን ኦርጋን የሚሸከመው ማነው?"

ወንድሜ ዱላውን አጋጨ። "ኧረ በናታችሁ! ሁለቱም ከሃምሳ ዓመት በፊት፣ በአንድ አገር፣ ከአንድ ከብሉዝ ማህፀን የወጡ ናቸው። ኋላ የመጡት ልጆች ደግሞ አጋቧቸው፣ ፕሮግረሲቭ ሜታል ተባለ። በሰላም እየኖሩ ነው። እናንተ ምን ቤት ናችሁ?"

"ትዳሩ ውስጥ ገብተህ አላየህ" አልኩት። ለቀልድ ነው ያልኩት። ማንም አልሳቀም። ባሌ ጎንበስ ብሎ ገመዱን መጠቅለል ጀመረ። ልምምዱ ገና አላለቀም ነበር እኮ።

መንገድ ላይ ለምን እንደማያግዘኝ ጠየቅሁት።

"በምኑ?"

"ብረቱ ሲዘልፈኝ።"

"ዘፈኑ ረዝሟል" አለ። ማርሽ ቀየረና ጨመረበት፦ "ጥሩ ነው። ግን ረዝሟል።"

ከሌላ ሰው ቢመጣ ምን አባቱ ባልኩ።

ረቡዕ 12

ባሌ ወገቡን ስላመመው ዕቃ ቤቱ ውስጥ፣ ቀጭኗ ፍራሽ ላይ መተኛት ጀምሯል። ደረቅ ነገር ለወገብ ጥሩ ነው ይባላል። እኔም ብሆን አልጋው ሰፍቶልኛል፤ ወረቀቶቼን ዘርግቼ እጽፋለሁ።

ወንድሜ ደውሎ "እትዬ፣ ቤት ሰላም ነው?" አለኝ። ሰላም ነው፣ ምን ይሆናል አልኩት። ወሬውን ወደ ፋርማሲው አዞረው። ሰው ሲጨነቅልኝ ያናድደኛል።

እሑድ 16

ዛሬ አራታችንም ወደ ስቱዲዮው ሄድን፣ የምንቀዳበትን ቀን ልንቆርጥ። ባለስቱዲዮው ጸጉሩ የሸበተ፣ ጠረጴዛው ላይ አቧራ የማይታይበት ሰው ነው። እሱ ያልቀዳው የሰፈር ባንድ የለም። ጋሼ እንለዋለን። ሁለተኛውን ገጽ በልምምድ ቅጂ አሰማሁት። ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማ፤ ማለቴ እስካቆምንበት። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ጀመር።

"ልጄ፣ ይኼ ስንት ደቂቃ ነው?"

"ሃያ ስድስት። ገና መዝጊያው አልገባም።"

"ሸክላ ነው የምታሳትሙት አይደል? አንዱ ገጽ ሃያ ሁለት ቢይዝ ነው። ከዚያ ካስረዘምሽው መስመሮቹ ይጠባሉ፣ ድምጹ ይሰለስላል። መጀመሪያ የሚሳሳው ደግሞ ቤዙ ነው። ወፍራም ድምጽ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ቦታ ካጣ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ... መጨረሻ ላይ የለም።"

ባሌን አየሁት። የስልኩን ጀርባ በአውራ ጣቱ እያሸ ነበር።

"ታዲያ ከፍ አድርገን እንቀዳዋ" አልኩ።

"ከፍ የሚደረግበት ቦታ የለም ነው የምልሽ።"

የሸክላ ማተሚያ ቤቱ ሥራውን እስከሚቀጥለው ወር አጋማሽ ካልተረከበ ተራችን ያልፋል፤ ሌላ ተራ የሚገኘው ከዓመት በኋላ ነው። እኔ እንደሆነ ዓመቱ አላስደነገጠኝም። ጥሩ ሥራ ጊዜ ይወስዳል። እንዲያውም ዓመት ቢሆን አንዳንዱን ነገር አስተካክለው ነበር። ይህን ስል ሦስቱም አንድ ላይ "አይሆንም!" አሉ። ባሌ ጭምር። ድምጹ ከሁለቱ በላይ ወጣ።

ደሜ ፈልቶ ነው የተመለስኩት። አራት ደቂቃ ከየት ልቁረጥ? ከየትኛው ጎኔ?

ማክሰኞ 18

ጃንጥላዬን መጋዘኑ ውስጥ ረስቼ ልወስደው ከመንገድ ተመለስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ብረቱ እንዲህ ሲል ሰማሁት፦

"ለምን እንደማያልቅ እኮ ሁላችንም እናውቃለን። የማታውቀው እሷ ብቻ ናት።"

"እሷም ታውቃለች" አለ ወንድሜ። "ተወው አሁን።"

ጃንጥላውን ሳልይዝ ተመለስኩ። ዝናቡ እስከ አጥንቴ ገባ።

ነገሩ ግልጽ ነው። ከመሃል ያለውን ፈጣን ክፍል ጣቶቼ አይችሉትም ብለው ነው። ላለመጨረስ ሰበብ የምፈልግ መስሏቸዋል። እሺ። ቤት ገብቼ ልብሴን ሳልቀይር ኪቦርዱ ላይ ተቀመጥኩ። ፈጣኑን ክፍል ጣቴ እስኪደነዝዝ ደጋገምኩት። ባሌ ከዕቃ ቤቱ ብቅ ብሎ ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገልኝና ተመልሶ ገባ። አንድ ጊዜም አልሳትኩም። ሊሰሙኝ በተገባ።

ዓርብ 21

ባሌ ሁለት ቀን ሌላ ከተማ ሰንብቶ ዛሬ ማለዳ ገባ። አዲስ የመንጃ ትምህርት ቤት ይከፈታል፣ ኃላፊ ይፈልጋሉ፣ ሄዶ አየው። ከዚህ በላይ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልጨመረበትም። ጠረጴዛው ላይ የማላውቀው ቁልፍ አስቀመጠ።

"የምን ቁልፍ ነው?"

"የቢሮ።"

ሁለት ቁልፍ ነው ቀለበቱ ላይ ያለው። አንዱ የቢሮ ይሆናል።

እሱ በሌለባቸው ቀናት አዲስ ክፍል ጻፍኩ። በተራራው ሆድ ውስጥ ውኃ ያገኛሉ፣ ሥራው ይቆማል፣ ውኃውን በባልዲ ያወጣሉ። በጣም የሚያምር ኦርጋን አለው። ሦስት ደቂቃ ነው። አውቃለሁ፣ ሃያ ሁለት ተብያለሁ። ግን ውኃ ሳያገኝ ዋሻ የቆፈረ ማነው?

ሥራ ቦታ ጎኔ የምትቀመጠው፣ የጥርሱን ቅርጽ በሰም የምትቀርጸው ጓደኛዬ፣ ስለ ቁልፉ ስነግራት መቅረጫዋን አስቀመጠች።

"አንቺዬ፣ ለምን አትጠይቂውም?"

"ምኑን?"

"ውይ!" ብላ ወደ ሰሟ ዞረች። የዘንድሮ ሰው ሁሉ ተቆጥቶኛል።

ሐሙስ 27

አንደኛው ገጽ ተቀዳ። በአንድ ቀን! አራቱም ዘፈን። ጠዋት ገባን፣ ጀንበር ሳትጠልቅ ወጣን። ጭቅጭቅ የለ፣ ኩርፊያ የለ።

ልናገር አይደል፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ብረቱ ኦርጋኔን በእሱ የጊታር አምፕ ውስጥ እንዳሳልፈው ወተወተኝ። "የድሮዎቹም እንዲህ አድርገዋል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሪው፣ ካልጣመሽ ስደቢኝ።" ሞከርኩት። ኦርጋኑ አገሳ። ከጊታሩ የቱ የቱ እንደሆነ አልለይ አለ። ጋሼ ከመስታወቱ ወዲያ አውራ ጣቱን አነሳ። ብረቱ እንደ ሕፃን ዘለለ፤ "አየሽ! ብረት ነሽ እኮ፣ ራስሽን አታውቂም!" ባሌም ሳቀ። ሲስቅ ዓይኑ ጥግ የሚሸበሸበው ነገር አለ። ካየሁት ቆይቻለሁ።

ይኼው ነው ያናደደኝም። ማለቅ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ እኔ ምን ሆኜ ነው?

ቤት ስንደርስ "ሌላውም እንዲሁ ይሄድልን ነበር" አለኝ። ጆሮዬ እየጮኸ ነው ብዬ ገብቼ ተኛሁ።

አዲስ ወር፣ ማክሰኞ 2

ሁለተኛውን ገጽ ልንቀዳ ገባን። የውኃውን ክፍል ብረቱና ወንድሜ ገና በሩ ላይ "አንጫወተውም" አሉ። ክፍሉ ወጣ። እሺ አልኩ። መግቢያው በግማሽ ተቆረጠ። እሺ አልኩ። ዛሬ እሺ ያላልኩት ነገር የለም። ተጀመረ፣ ጥሩ ሄደ፣ የሰባቱና የአራቱ ምት እንዳሰብኩት መሃል ላይ ተገጣጠመ፣ ወንድሜ ላብ በላብ ሆነ። መጨረሻው ጋ ስንደርስ እጄን አነሳሁ።

"ምነው?" አለ ጋሼ በድምጽ ማጉያው።

"መዝጊያው አልደረሰም። አንድ ሳምንት ስጡኝ።"

ብረቱ ፊቱ ደም መሰለ። "ተገናኙ ወይስ አልተገናኙም? ይኼው ነው እኮ ጥያቄው! አንዱን ምረጪ! ልቤን አወለቅሽው!"

"ካልገባህ ዝም በል! በጊታር ብየዳ አይደለም ይኼ!"

"ልጄ" አለ ጋሼ፣ "ማተሚያ ቤቱ..."

"ማተሚያ ቤቱ ገደል ይግባ!"

ያኔ ባሌ "ይበቃል" አለ። ጮክ ብሎ አይደለም። ግን እንዲህ ባለ ድምጽ ተናግሮኝ አያውቅም። "እኔ መዝጊያ አለኝ" አለ። ጎንበስ ብሎ ተጫወተው። አራት ድምጽ ብቻ ናት፣ ወደ ታች የምትወርድ፣ እየራቀች የምትደጋገም። ወንድሜ ሳይጠየቅ የድራሙን ጠርዝ እየመታ ተከተለው።

"አይገናኙም" አለ ባሌ ቀና ሳይል። "ጎን ለጎን ይተላለፋሉ። ሁለቱም ማዶ ይወጣሉ።"

ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ኖታዎቼን ሰብስቤ ወጣሁ፤ በሩን ስወረውረው መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። በእግሬ ነው ቤት የደረስኩት። የእኔን ዘፈን! በአራት ድምጽ! ከመቼ ወዲህ ነው እሱ የሚጽፈው? መቼ ጻፈው? በዚያች ዕቃ ቤት ውስጥ ሆኖ ይህንን ሲሠራ ነበር ማለት ነው፣ ወገቤን አመመኝ እያለ።

ረቡዕ 3

ሥራ አልሄድኩም። አሞኛል አልኩ።

ባሌ ጠዋት በሩን አንኳኳ፣ "ሻይ አለ" አለ፣ ሄደ።

ወንድሜ መጣ። ጋውኑን እንኳ አላወለቀም። ቁጭ ብሎ ጉልበቱን አሸ።

"እትዬ፣ አትቆጪኝና ልናገር።"

"ተናገር። ተናጋሪው በዝቷል።"

"አንቺ የምታስረዝሚው እኮ አልበሙን አይደለም።"

"ታዲያ ምኑን ነው?"

"ከእኔ አፍ አትስሚው።"

"ላንተ ነግሮሃል?"

"አልነገረኝም። ዓይን የለኝም እንዴ? ስትጫወቱ እኔ እኮ ከኋላችሁ ነኝ የምቀመጠው። የሁለታችሁንም ጀርባ ሳይ ነው የከረምኩት።" ድምጹ ተሰበረ። ቀልደኛው ወንድሜ። "እሱን እንደ ወንድሜ ነው የማየው። አንቺ እህቴ ነሽ። መሃል ሆኜ ምት ስጠብቅ ሞትኩ።"

ውጣልኝ አልኩት። ወጣ። ደረጃው ላይ ቆሞ አፍንጫውን ሲናፈጥ ሰማሁት።

ምን ለማለት እንደፈለገ አልገባኝም።

ገብቶኛል።

ሰኞ 8

ብቻዬን ስቱዲዮ ሄድኩ። ጋሼ ይቆጣኛል ብዬ ነበር። ወንበር ሳበልኝና "የወጣሽ ለት ቀዱት፤ ትሰሚዋለሽ?" አለኝ።

"ላጠፋው ነው የመጣሁት።"

"ከሰማሽው በኋላ አጥፊው።"

ሰማሁት። ለመናደድ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ስህተቱን ልለቅም። የባሌ ቤዝ ብቻውን ይመጣል። አራቱ ድምጾች። ከዚያ ፋታ። እንደገና አራቱ፣ ከዚያ ፋታ። ብረቱ ጊታሩን ከሩቅ፣ በለሆሳስ ነው ያስገባው፤ ብረቱ በለሆሳስ ሲጫወት ሰምቼው አላውቅም። እና ፋታዎቹ... መጀመሪያ ባዶ መሰሉኝ። ሁለተኛ ስንሰማው ግን ጣቶቼ ጠረጴዛው ላይ ተንቀሳቀሱ። ኦርጋን የሚገባበት ቦታ ነው። በየፋታው የእኔን ያህል ቦታ ትቶልኛል። አልረዘመም፣ አላጠረም።

"ቦታ ትቶልሽ ነው የሄደው" አለ ጋሼ። ከዚያ የተናገረው ነገር ራሱን ያስደነገጠው ይመስል ሳል ያዘው።

ሳላስበው አለቀስኩ። የወረቀት መሐረብ አቀረበልኝና ሌላ ቴፕ ለማምጣት ሄደ። ቴፕ አልጎደለም ነበር። ሽማግሌው ሲመለስ ፊቴ ደርቆ ነበር፣ እጁም ባዶ ነበር።

"አንድ ምክር ብሰጥሽ?" አለ።

"ጋሼ፣ ዛሬ ይለፈኝ።"

"እሺ ይለፍሽ። ረቡዕ ስቱዲዮው ክፍት ነው።"

ለሦስቱም "ረቡዕ" ብዬ መልእክት ላክሁ። ብረቱ ወዲያው "እውነትሽን ነው?" አለ። ወንድሜ ምንም ሳይጽፍ ደወለ። ባሌ "እሺ" አለ።

ረቡዕ 10

ተቀዳ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ባንድ ትንፋሽ፣ ሳይቆም። ሃያ አንድ ደቂቃ ከምናምን። አንድ ቦታ ተሳስቻለሁ፤ ፈጣኑ ክፍል ላይ፣ ያን ሁሉ ተለማምጄው። ብረቱ "እንድገመው?" ሲል "ይቅር" ያልኩት እኔ ነኝ። ሁሉም አፋቸውን ከፍተው አዩኝ።

መዝጊያው ላይ ባሌን እያየሁ ተጫወትኩ። ሌላ ጊዜ እጆቼን ነበር የማየው። እሱም አየኝ። አራቱን ድምጽ ሰጠኝ፣ ፋታው ላይ ገባሁ፤ ሰጠኝ፣ ገባሁ። መጨረሻ ላይ እኔ ቀድሜ ዝም አልኩ። እሱ ትንሽ ቆይቶ ዝም አለ። የቤዙ ክር እየተንቀጠቀጠ እስኪያባራ ማንም አልተነፈሰም።

ብረቱ ኮፍያውን አውልቆ ይዞት ቆሟል። ለቅሶ ቤት የገባ ይመስል ነበር።

ቅዳሜ 13

ጠዋት፣ ኩሽና። እሱ ሳህን ያጥባል። በሩ ላይ ቆምኩ።

"አልበሙ አልቋል" አልኩት። "ተናገር።"

ቧንቧውን ዘጋ። እጁን እየደጋገመ አደረቀ።

"ታውቂያለሽ።"

"አውቃለሁ። ቢሆንም ተናገረው።"

ተናገረ። ሥራውን ተቀብሎታል፣ ቤትም አግኝቷል። ሌላ ሴት የለችም፣ መጀመሪያ ያንን ነው የነገረኝ። ከእኔ ጋር ሲሆን ሁልጊዜ ተራውን እየጠበቀ እንዳለ ይሰማዋል፤ ተራው ሲደርስ ደግሞ የሚለው ይጠፋዋል። ሰው እንደዚህ ሊኖር ይችላል፣ ኖሮታልም፤ አሁን ግን ደክሞታል።

"እንድትመጪ ያልጠየቅሁሽ..." አለና ቆመ። "ሥራሽን እንዳላስተውሽ ብዬ ነው ልልሽ ነበር። እሱ አይደለም። ብቻዬን መሆን ስለምፈልግ ነው።"

ይህ ሁሉ ከዘፈኑ መግቢያ አጠረ። ወሩን ሙሉ ስሸሸው የከረምኩት ነገር፣ ከተቆረጠው መግቢያ እንኳ አጠረ።

አላቋረጥኩትም። መልስ ሳላዘጋጅ ሰው ሳዳምጥ ይኼ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። ሲጨርስ የምወረውረው ነገር እንደሚኖረኝ ጠብቄ ነበር፣ ቃልም ይሁን ሳህን። አልነበረኝም።

"መዝጊያህ ጥሩ ነው" አልኩት።

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሄጄ ልይዘው ፈለግሁ፤ እሱ ግን 'ብቻዬን' ነው ያለው። ጨርቅ አንስቼ የታጠበውን ማድረቅ ጀመርኩ።

የሚቀጥለው ወር፣ ቅዳሜ 25

ከሄደ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። ያ አልጋ ሰፍቶልኛል ያልኩት ውሸት ነበር።

የሸክላው ናሙና ዛሬ ደረሰ። ከብየዳ ቤቱ ጀርባ፣ መጋዘናችን ውስጥ፣ በብረት ፍርፋሪ መሃል፣ በብረቱ አሮጌ ማጫወቻ ሰማነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ቤዙ አልሳሳም። ወፍራም ነው፣ ደረት ላይ ያርፋል። ወንድሜ እስኪያልቅ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ለባሌ ስልክ ደውለን ትንሽ አሰማነው፤ "ጥሩ ነው" አለ፤ ትንሽ ቆይቶ "በጣም ጥሩ ነው" አለ። ከኋላው የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። ተማሪ እየጠበቀው ነበር። "በል ሂድ" አልኩት፤ ያለ ቂም ነው ያልኩት፣ ወይም ጥቂት ቂም ብቻ ይዤ።

ከዚያ ማንም ወደ ቤት የሚሄድ አልመሰለም። ብረቱ ጊታሩን አንስቶ ሲያንጎዳጉድ ቆየና፣

"እትዬ፣ አንድ ነገር አለችኝ" አለ። "አትሳቂብኝ። አምስት ደቂቃ ናት። መሃሏ ላይ በአምስት ይቆጠራል።"

"አንተ? በአምስት?"

"ከክፉ ጓደኛ ጋር ውሎ!"

ተጫወታት። ከባድ ናት፣ ጠማማ ናት፣ መውጫ በሯ የት እንዳለ ታውቃለች። ወንድሜ ሁለተኛው ዙር ላይ ገባባት። ከዚያ ሁለቱም እኩል አቆሙና ባዶውን ጥግ፣ የቤዝ አምፑ ይቆምበት የነበረውን ቦታ አዩ። አምፑ ሄዷል፤ ሲሚንቶው ላይ የእግሮቹ ምልክት አለ።

"ቤዙን ግን..." አለ ብረቱ። "ሰው እስክንፈልግ..."

ኦርጋኑን አበራሁ። ሞቆ እስኪነሳ ጠበቅሁት።

"ከየት ነው የምትነሳው?" አልኩት። "ቤዙን ለግራ እጄ ተውለት።"